ደቢያን ላይ «ፍሪዝ» ሲባል ምንድን ነው?

ዊንዶውስንም ሆነ ማክን የሚሠራው ደመወዝተኛ ነው። አለቃው «ከዛሬ ወዲያ አዲስ ነገር አትጨምሩ» ካለ አለቀ። ደቢያን ላይ እንዲህ ብሎ የሚያዝ የለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረውን ይህን የሊኑክስ ሲስተም የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሁሉም የያዘው ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን ተዘጋጅቶ የታሸገ ፕሮግራም፣ አለው። ሁሉም «ይቺን ብቻ ላስገባ» ይላል። በኦገስት 2025 የወጣው ደቢያን 13 ደግሞ 69,830 ፓኬጆች አሉት። በእያንዳንዱ ላይ «ይቺን ብቻ» ከተባለ መቼም የሚያልቅ ነገር አይኖርም።

ፍሪዝ ለዚህ የተገኘ መላ ነው። ቀጣዩ ስሪት ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የለውጥ በር ቀስ በቀስ ይዘጋል። አዲስ ነገር ማስገባት ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ያለውን ወደ መጠገን ይዞራል።

ደቢያን ሦስት ክፍሎች አሉት። አዲስ ሥራ መጀመሪያ የሚገባው አንስቴብል ውስጥ ነው። ይሄኛው ሲድ የሚል ስም አለው። የደቢያን ስሞች ሁሉ የሚወጡት ከአንድ የአሻንጉሊቶች ካርቱን ፊልም ነው፤ ሲድ ደግሞ ፊልሙ ላይ አሻንጉሊት የሚሰባብረው የጎረቤት ልጅ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ቀልድ ያውቃል። አንድ ፓኬጅ ሲድ ላይ እንደ ሁኔታው ከ2 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ከባድ ስህተት ካልተገኘበት ቴስቲንግ ወደሚባለው መፈተኛ ክፍል ያልፋል። የሚያሳልፈውም ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ቴስቲንግ በስሏል ሲባል ስቴብል፣ ማለትም ለሰው ሁሉ የሚወጣው የረጋ ስሪት፣ ይሆናል።

ችግሩ፣ በአዘቦት ቀን ቴስቲንግ አይበስልም። አንዱ ስህተት ሲጠገን ሌላው ከሲድ ይገባል። መግቢያው ካልተዘጋ ጥገናው ማለቂያ የለውም።

በሩ ግን በአንድ ጊዜ አይዘጋም። ደቢያን 13ን እንውሰድ። ማርች 15 ቀን 2025 የመጀመሪያው ደረጃ ጀመረ፤ እንደ ኮምፓይለር (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይር) ያሉ መሠረታዊ መሣሪያዎችንና ብዙ ፓኬጆችን በአንዴ የሚነኩ ትላልቅ ለውጦች ቆሙ። ኤፕሪል 15 ለስላሳው ፍሪዝ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቴስቲንግ ውስጥ ያልነበረ ፓኬጅ አይገባም፤ ያለውም የሚፈቀድለት ትንንሽ ጥገና ብቻ ነው። ሜይ 15 ጠንካራው ተከተለ፤ ዋና ዋና ፓኬጆችም ሆኑ አውቶማቲክ ፈተና የሌላቸው ሌሎች ፓኬጆች ያለ ፈቃድ ማለፍ አቆሙ። ጁላይ 27 ለሁሉም ተዘጋ። ኦገስት 9 ስሪቱ ወጣ።

ፈቃዱን የሚሰጠው ሪሊዝ ቲም የሚባል ቡድን ነው። ጠያቂው በድሮውና በአዲሱ ኮድ መካከል ያለውን ልዩነት መስመር በመስመር አያይዞ፣ ለምን እንዳስፈለገ ያስረዳል። ቡድኑ ያነበዋል። «አዲሱ ቨርዥን ይሻላል» ማለት አያስኬድም። «ይህ ስህተት የሰው ፋይል ያጠፋል፤ ማስተካከያው ደግሞ አራት መስመር ነው» ማለት ያስኬዳል።

ጨከን ያለው ክፍል ገና ነው። ደቢያን ስህተትን በክብደቱ ይመድባል። ክሪቲካል፣ ግሬቭ ወይም ሲሪየስ ተብሎ የተመዘገበ ስህተት ያለበት ፓኬጅ ካልተጠገነ፣ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ከቴስቲንግ በራሱ ይወጣል። እሱ ላይ የተመረኮዙት ፓኬጆችም አብረው ይወጣሉ። ከዚህ ነፃ የሆኑት ሲስተሙ ያለነሱ የማይቆምላቸው ዋናዎቹ ብቻ ናቸው። ለስላሳው ፍሪዝ ከገባ በኋላ የወጣ ደግሞ አይመለስም። ለእኔ የፍሪዝ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። በጎ ፈቃደኛን «ሥራ» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። «ፕሮግራምህ ከሚቀጥለው ስሪት ሊቀር ነው» የሚል ኢሜይል ግን ማንንም ከተኛበት ያስነሳል።

በነገራችን ላይ ፍሪዙ ተርጓሚዎችንም ይጠቅማል። የደቢያን መጫኛ ከተተረጎመባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ዋናው ጽሑፍ በየሳምንቱ ከተቀያየረ ተርጓሚ ሥራውን መቼም አይጨርስም፤ ጽሑፉ የሚረጋበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ከወጣ በኋላስ? ስቴብል ላይ ያለ ፕሮግራም ባብዛኛው ቨርዥኑ ባለበት ይቆያል። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ አዲሱን ቨርዥን እንዳለ አያስገቡም። መፍትሔዋን ብቻ ከአዲሱ ወስደው አሮጌው ላይ ያደርጓታል። እንደ ፋየርፎክስ ያሉ ብሮውዘሮች ላይ ይህ ስለማያዋጣ አዲሱ ይገባል። ሌላው ግን አፕዴቱ ጥቂት ነው፤ የሞባይል ዳታ እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በየሁለት ወሩ ገደማ የተጠራቀሙት ጥገናዎች ባንድ ላይ ይወጣሉ፤ 12.1፣ 12.2 እያሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለም ያመልጣል። ዲሴምበር 2023 ላይ 12.3 ሊወጣ ቀኑ ደርሶ ነበር። አብሮት የመጣው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት)፣ 6.1.64፣ ኢኤክስቲ4 በሚባለው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበት ሥርዓት) ላይ ዳታ ሊያበላሽ እንደሚችል ታወቀ። መነሻው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጥገና ነው። ከአዲሱ ከርነል ወደ አሮጌው አንድ ማስተካከያ ሲያመጡ፣ አብሮት መምጣት የነበረበት ሌላ ለውጥ ቀርቶ ነበር። 12.3 ታገደ። በማግስቱ ዲሴምበር 10፣ 12.4 ተተክቶ ወጣ። «ትንሽ ጥገና ናት» የሚለውን ቃል ሪሊዝ ቲም ለምን በቀላሉ እንደማያምን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በተቃራኒው ደግሞ ማርች 2024 አለ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ ሲድ ላይ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር መግቢያ ፕሮግራም) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ሌላው ሰው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ሲከታተል ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጀርባ በር አገኘ። ሲድም ቴስቲንግም ተነክተው ነበር። ስቴብል ላይ ያለው ግን አሮጌው ቨርዥን ስለነበር አልተነካም። «ዕድል ነው» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነታቸውን ነው፤ ፍሮይንድ ባያስተውል ቀጣዩ ስሪት ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ነገር ግን አዲስ ነገር ስቴብል እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ፣ እንደሱ ያለ ዓይን እንዲያየው ዕድል ይሰጣል።

ዋጋ አያስከፍልም ወይ? ያስከፍላል። ዉዲ የተባለው ስሪት በጁላይ 2002 ወጣ፤ ተከታዩ ሳርጅ የመጣው በጁን 2005 ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም! ያኔ ዴስክቶፑ ላይ አዲስ ነገር የፈለገ ሰው ሌላ ቦታ ማየቱ አይቀርም። በኦክቶበር 2004 የመጀመሪያውን ስሪት ያወጣው ኡቡንቱም ከሲድ እየወሰደ በየስድስት ወሩ አዲስ ይዞ መጣ። ዛሬ ደቢያን በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይወጣል፤ የፍሪዙም ቀኖች ቀደም ብለው ይነገራሉ። ቢሆንም ገና ከፋብሪካ የወጣ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ዋይፋዩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ አልታወቅ ቢለው አይገርመኝም፤ የስቴብል ከርነል ሲዘጋ ዕቃው ገና አልነበረም። እንዲህ ላለው ሰው ባክፖርትስ ከሚባለው ክፍል አዲሱን ከርነል ብቻ መውሰድ ይቻላል።

ቀጣዩ ደቢያን 14 ነው፤ ስሙም ፎርኪ። መርዳት የምትፈልጉ ኮድ መጻፍ ባትችሉም ምንም አይደል። ፍሪዙ ሲጀመር ቴስቲንግን ትርፍ ላፕቶፕ ላይ ጫኑ። ፕሪንተሩን፣ ድምፁን፣ የአማርኛ ኪቦርዱን ሞክሩ። አልሠራ ያለውን ሪፖርትባግ በሚባለው ፕሮግራም አስመዝግቡ፤ ምን ስታደርጉ እንደተበላሸ በግልጽ ጻፉ። ዋናው ነገር በሩ ጨርሶ ሳይዘጋ ማድረስ ነው። ስሪቱ ከወጣ በኋላ የሚመጣ የጥቃቅን ስህተት ሪፖርት ሁለት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል።