ጠገራ ብር ላይ ያለው 1780 ዕድሜውን ይናገራል?

ባቲ ገበያ ጠገራ ብር የገዛ ሁሉ «1780 ይላል፤ ከ240 ዓመት በላይ ነው አይደል?» ይላል። ቁጥሩ ብቻውን ያንን አያረጋግጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠገራ ብር ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ገዥ ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ከዚያ ወዲህ በስሟ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀጠለ፤ ነጋዴው የለመደው መልክ እሱ ነዋ! ቪየና ብቻም አይደለችም፤ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይም መትተውታል።

ለምሳሌ አንዱ ብር ከቅድመ አያት የወረደ፣ ሌላው ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሮም ላይ ያስመታው ይሁን። ሁለቱም ላይ 1780 ነው የሚነበበው።

የማይለወጠው ክብደቱና ጥራቱ ነው፦ 28 ግራም ገደማ፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር። ጠርዙንም ዳሰስ አድርጉት፤ ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ ጣት ላይ ይሰማል። ልሙጥ ከሆነ ተጠንቀቁ።

የት እንደተመታ ለማወቅ ግን ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ በአጉሊ መነጽር ማየት ነው፤ የዕንቁዎቹ ቁጥር ይለያያል። ዋጋውማ እንደ ሻጩ ነው። ለአንገት ማንጠልጠያ የተበየደበትን ሰብሳቢዎች ያረክሱታል፤ እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። ብቻ ሻጩ «የጥንት ነው» ብሎ እጥፍ ቢጠራ፣ ለ1780 ብላችሁ አትጨምሩ።