ጤና አዳም ምንድን ነው? ቤት ውስጥስ እንዴት ይያዛል?

ጤና አዳምን የማያውቅ ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። ቡና ላይ ጣል ይደረጋል፣ አይብ ውስጥ ይገባል፣ ፍሬው በርበሬ ሲሰናዳ ይጨመራል፣ ልጅ «ሆዴን» ሲል ደግሞ ቶሎ የሚፈለገው እሱ ነው። ቅጠሉን እናውቀዋለን፤ ተክሉን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ለዚህ ነው «ከጉልት እስከነሥሩ ገዝቼ ሳክሲያ ላይ ተከልኩት፣ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ ግን ቢጫ እየሆነ ነው፣ ምን ጎደለው?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው የሚነሳው። ምንም አልጎደለውም። ውሃ በዝቶበት ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1767 ያወጣለት ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ነው፤ ሁለተኛው ቃል የሶሪያዋን ከተማ ሀለብን ወይም አሌፖን ያመለክታል። የተክሉ አገርም ከዚያ አይርቅም። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ ድንጋይ በበዛበትና አፈሩ በሳሳበት ተዳፋት ላይ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። በጋው ያለ ዝናብ የሚያልፍበት፣ ዝናብ ሲመጣም ውሃው ሳይተኛ ወርዶ የሚሄድበት ቦታ ነው። ይህን ከያዛችሁ ስለ አያያዙ ከሚወራው ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው።

ዘመዶቹ እነማን ናቸው ቢባል ሎሚ፣ ብርቱካንና መንደሪን ናቸው። አይመስልም አይደል? አንድ ቅጠል ቀንጥባችሁ ወደ ብርሃን አንሱና እዩት። ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጥቦች ታያላችሁ። የዘይት ከረጢቶች ናቸው፤ ብርቱካን ልጣጭ ላይ ያሉትም ያው እነሱ ናቸው። ቅጠሉን በጣታችን ስናሸው ይፈነዳሉ፣ ቤቱን የሚያውደው ሽታም ከዚያ ይወጣል።

ሌላው ነገር፣ ጤና አዳም የአንድ ክረምት ተክል አይደለም። አደይ አበባ በክረምት በቅሎ፣ በመስከረም አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል፤ በዓመቱ የምናየው ከዘር የመጣ አዲስ ተክል ነው። ጤና አዳም ግን በዚያው ሥሩ ከዓመት ዓመት ይቆያል። ጫፉ እንደ ማንኛውም ቅጠላ ቅጠል ለጋ ነው፣ ከታች ያለው ግንዱ ግን እያደር ይጠነክርና እንጨት ይሆናል። ቦታው ከተስማማው እስከ ወገብ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እንደ ሰላጣ ባገኛችሁት ጥግ አትወሽቁት፤ ለዓመታት የሚቀመጥበትን ቦታ ከመጀመሪያው አስቡለት።

አበባው ቢጫ ነው፣ ትንሽ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። ቀንጥበን ቀንጥበን ስለማናስተርፈው እንጂ ደስ የሚል አበባ ነው። ቀረብ ብላችሁ እዩት። የአበባው ቅጠሎች ጠርዝ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተዘረዘረ ነው። መሐል ላይ ቀድሞ የሚፈነዳው አበባ አምስት ቅጠል አለው፣ በዙሪያው ያሉት ግን አራት አራት ናቸው። ብናኝ የሚይዙት ቀጫጭን ዘንጎች ደግሞ ሁሉም በአንዴ አይነሱም፤ ተራ በተራ ወደ መሐል ይጎነበሳሉ፣ ከዚያ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ከጎን ወንበር ይዞ ለመቀመጥ የሚያበቃ ነገር ነው፣ ጊዜ ላለው።

ወደ ውሃው እንመለስ፣ ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነውና። ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ከጨቀየ ሥሩ ይታፈንና መበስበስ ይጀምራል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም፣ ስለዚህ ውሃ ላይ ቆሞ ቅጠሉ እየጠወለገና ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፣ ባለቤቱም «ጠምቶት ነው» ብሎ ሌላ ጆግ ይደፋበታል። በቃ፣ አለቀለት። ይህ እንዳይሆን ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥበት ከተሰማችሁ ዝም በሉት። ደረቅ ከሆነ ከሳክሲያው ሥር እስኪወጣ ድረስ አንዴ በደንብ አጠጡና ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ አልፎ አልፎ በደንብ ማጠጣት ይሻለዋል። አዲስ የተተከለ ከሆነ ግን ሥር እስኪይዝ ድረስ ትንሽ ክትትል ይፈልጋል፣ ያኔ ውሃ እንዳይጠማው።

አፈሩም ከውሃው ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ዋልካ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ጓሮ ላይ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሥሩለት፣ ክረምት ሲገባ ሥሩ አካባቢ ውሃ እንዳይተኛ። ሳክሲያ ላይ ከሆነ ተራ አፈር፣ አሸዋና ትንሽ ኮምፖስት ቀላቅሉ። የቀለም ባልዲም ሆነ የተቆረጠ ጀሪካን ይሠራል፣ ታቹ እስከተበሳ ድረስ። ሳይበሱ መትከል ግን ገደል መክተት ነው። ፍግ አታብዙበት፤ ብዙ ፍግ ያገኘ ጤና አዳም ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ ሽታው ይደክማል፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ሽታውን ነው።

ፀሐይ ይወዳል። ቢያንስ ግማሽ ቀን የሚመታው ቦታ ስጡት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ በረንዳ ላይ እንጂ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አይሆንም፤ እዚያ ቀጥኖ፣ ተመዞ፣ ወደ መስኮቱ ተንጋዶ ይቀራል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲበረታ ሳክሲያውን ክፈፍ ሥር አስጠጉት።

መከርከም ያስፈልገዋል። ካልተከረከመ ከታች ራቁቱን የቀረ እንጨት፣ ከላይ ደግሞ ጥቂት ቅጠል ይሆናል። በዓመት አንዴ፣ አዲስ እድገት ሊጀምር ሲል፣ ከቁመቱ ሲሶውን ያህል አሳጥሩት። ግን ቅጠል እስካለበት ድረስ ብቻ ነው። ቅጠል ከሌለው ያረጀ እንጨት ላይ ከቆረጣችሁ ተመልሶ ላያቆጠቁጥ ይችላል። ለቡና ስትቀነጥቡም ያው ነው፤ ጫፍ ጫፉን ውሰዱ፣ ከአንድ ጎን ብቻ አትላጩት።

እድሜው ሲገፋ ተክሉ መሳሳቱ አይቀርም። ተተኪ ማዘጋጀት ቀላል ነው። አበባ ያልያዘ ጤነኛ ቀንበጥ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከአንጓው ሥር ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉና አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ ሰክታችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት፣ አልነቀል ካለ ሥር አውጥቷል ማለት ነው። ከጉልት የተገዛ እስርም ትኩስ ከሆነ ይሞከራል። በዘርም ይሆናል፤ ጥቁሯን ዘር አፈሩ ላይ በተን አድርጎ በስሱ ብቻ መሸፈን ነው። ግን ጎረቤት ቅርንጫፍ እያለ ማን ዘር ይጠብቃል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ጤና አዳም ቆዳ ያቃጥላል። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲያገኘው ነው ጉዳቱ። ችግሩ ወዲያው አይታይም። እኩለ ቀን ላይ እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ስትከረክሙ ውላችሁ፣ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ክንዳችሁ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲድን ደግሞ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ ሊተው ይችላል። ጓንት አድርጉ፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ሥራውን ወደ ማታ አድርጉት። ከነካችሁ በሳሙና ታጠቡና ቦታውን ከፀሐይ ሸፍኑ። ሕፃናት ላይ ቅጠሉን አሽተው የሚቀቡ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

የመጠጡም ነገር ልክ አለው። ሲኒ ላይ ጣል የምትደረግ ቀንበጥና ተጨምቆ በብርጭቆ የሚጠጣ ጭማቂ አንድ አይደሉም። ሲበዛ ሆድ ያውካል፣ ያስመልሳል፣ ጉበትና ኩላሊትም ይጎዳል። ማህፀንን የማኮማተር ባሕርይ ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት ብትተወው ይሻላል። «የባህል ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚባለውን አትስሙ።

ውጭ አገር ላላችሁ። አሜሪካ ችግኝ መሸጫ ውስጥ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ የቅርብ ዘመዱ ሩታ ግራቪዮለንስ ነው። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የአበባው ጠርዝም እንደኛው አልተዘረዘረም። ፍሬውን ብታዩት ደግሞ የኛው ጫፎቹ ሾል ያሉ ናቸው፣ የዚያኛው ክብ ነው። እሱ ብርድ ይችላል፤ የኛው ግን ከባድ ውርጭ አይወድም። እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ባለ ከተማ በሳክሲያ ይዛችሁ በረዶ ሳይጀምር ወደ ቤት አስገቡት፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አድርጉት፣ ውሃውንም ይበልጥ ቀንሱ። ካጣችሁት የሜክሲኮ ሱቆች ሄዳችሁ «ሩዳ» በሉ። እነሱም እንደኛው ለሆድ ሕመም ይጠቀሙበታል። ከአገር ቤት እስከነሥሩ በሻንጣ ማምጣት ግን አይታሰብ፤ የሎሚ ዘመድ ስለሆነ የሎሚና የብርቱካን በሽታ እንዳይገባ ሲባል ቁጥጥሩ ጠንካራ ነው። እስራኤል ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፤ ተራራው ላይ በራሱ ይበቅላል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ በበጋ ከቀትር በኋላ ጥላ ፈልጉለት።

በሽታ ብዙም አያጠቃውም። አንድ ቀን ግን ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ታዩ ይሆናል። ልትጠርጉት ስትነኩት ከራሱ ላይ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ የሚሰነፍጥ ሽታ ከለቀቀባችሁ አትደንግጡ፣ አባጨጓሬ ነው። ሎሚ ላይ የሚፈለፈለው ትልቁ ቢራቢሮ ጤና አዳምንም እንደ ሎሚ ስለሚያየው እንቁላሉን እዚያ ይጥላል። ተክሉ ትልቅ ከሆነ አንድ ሁለቱ ቢበሉት መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ተዉአቸው። ገና ትንሽ ከሆነ ግን በአንድ ሳምንት መለመላውን ያስቀሩታል፤ በእንጨት አንስታችሁ ሎሚ ዛፍ ላይ አድርጓቸው። መርጨት አያስፈልግም፣ በተለይ ቅጠሉ ነገ ሲኒ ውስጥ የሚገባ ከሆነ።