ሒሳብ ማጣራት ምንድን ነው? ዕዳውን መክፈል ያቃተው የቤት ማኅበርና ባለገንዘቡ

ሲሚንቶና ፌሮ በዱቤ ያቀረበ ነጋዴ ወይም ሥራውን አስረክቦ ሒሳቡ የቀረበት ተቋራጭ፣ ከወራት ምልልስ በኋላ «ማኅበሩ ይፍረስና ከንብረቱ ይከፈለኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጥያቄው በሕግ አጠራር ማፍረስና ሒሳብ ማጣራት ነው። ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው ድርጅቱ ይፈርሳል፤ አጣሪ ይመደባል፤ አጣሪው ንብረቱን ቆጥሮ ይሸጥና ለባለገንዘቦች፣ ማለትም ድርጅቱ ዕዳ ላለበት ሰው ሁሉ፣ በየደረጃቸው ያከፋፍላል። በመጨረሻ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል።

ከአፈጻጸም መዝገብ ጋር መምታታት የለበትም። አፈጻጸም ፍርድ ያገኘ ሰው ለራሱ ብቻ የሚያስከፍልበት መንገድ ነው። ማጣራት ግን የሁሉም ባለገንዘቦች ነው፤ አንዱ በሩን ሲያስከፍት ባንኩም፣ ደመወዝ የቀረበት ዘበኛም፣ ግብር ሰብሳቢውም ተከትለው ይገባሉ። ስለዚህ ያልተያዘ መኪና፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የተከማቸ ዕቃ ካለ፣ በተራ የገንዘብ ክስ ላይ የእግድ ወይም የንብረት ማስከበሪያ ትእዛዝ ጠይቆ መቀጠሉ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚጣራው የድርጅቱ ዓይነት ነው። ባሕር ዳር ላይ «የቤት ማኅበር» ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ የሚመዘገበው በኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት፣ የሚፈርሰውም በኅብረት ሥራ አዋጁ መሠረት ነው። ቤት ሠርቶ የሚሸጠው ሪል እስቴት ግን ብዙውን ጊዜ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወይም አክሲዮን ማኅበር ስለሆነ በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የኪሳራ ሥርዓት ይዳኛል። ኅብረት ሥራ ማኅበርን «ከስሯል ይባልልኝ» ብሎ በንግድ ሕጉ መክሰስ ገና በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ዋናው ክርክር ሳይሰማ ተከሳሹ በሚያነሣው ተቃውሞ፣ ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ስሕተት የሚባክነው ጊዜ ያሳዝናል፤ ንብረት የሚሸሸው በዚያው መካከል ነውና። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የማፍረስንም የኪሳራንም ጉዳይ በአንቀጽ 15፣ የገንዘቡ መጠን ምንም ይሁን ምን፣ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቶታል።

ማስረጃው ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በፊርማ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። የማኅበሩ ሰብሳቢ ብቻውን፣ ያለማኅበሩ ማኅተምና ያለ ቃለ ጉባኤ የፈረመው ወረቀት «የራሱ የግል ዕዳ ነው» የሚል ክርክር ያስነሣል። ሲሚንቶው በደረሰበት ቀን የግምጃ ቤት ሠራተኛው የፈረመበት የርክክብ ሰነድ፣ ደረሰኙና የዕዳ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤው አብረው ሲቀርቡ ግን ዕዳው የማኅበሩ መሆኑን ማስተባበል ይከብዳል። ፍርድ ቤቱን የሚያሳምነው አንድ ደረሰኝ አለመከፈሉ ብቻ አይደለም፤ ማኅበሩ በአጠቃላይ መክፈል ማቆሙ መታየት አለበት። ለዚህ የኦዲት ሪፖርት፣ ተመላሽ የሆነ ቼክና የቆመ ግንባታ ይጠቅማሉ።

አሁን ትልቁ ጉዳይ፦ የሚሸጠው ምንድን ነው? በጣና ዙሪያ መረሬ አፈር በሞላበት ቦታ መሠረቱ ብቻ የአባላቱን መዋጮ ሊጨርስ ይችላል፤ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ጠልቆ መቆፈርና በጠጠር መተካት ይጠይቃል። ከዚያ የሚተርፈው ዝገት የጀመረው ፌሮ ከኮለኑ አናት ላይ የወጣበት ግማሽ ግንባታ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ሳይጀመር ወይም ከግማሽ በታች ሳለ መብቱ ሲተላለፍ፣ አስተላላፊው የሚያገኘውን በተከፈለው ሊዝና በባንክ ወለዱ፣ በተሠራው ግንባታ ዋጋና በማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ወስኖታል። «ቦታው ብቻ ስንት ያወጣል» ብሎ የሚያሰላ ባለገንዘብ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ካርታው በባንክ ከተያዘም ሌላ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ንብረቱ 12 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ፣ ባንኩ በመያዣው 8 ሚሊዮን ይወስዳል። የአጣሪው ወጪ 400 ሺህ፣ የሠራተኞች ደመወዝ 600 ሺህ ቢሆን 3 ሚሊዮን ይቀራል። ሌሎቹ ባለገንዘቦች በድምሩ 10 ሚሊዮን ቢጠይቁ ለእያንዳንዱ ብር 30 ሳንቲም ይደርሳል፤ 1.5 ሚሊዮን የቀረበት የሲሚንቶ ነጋዴ 450 ሺህ ብር ያገኛል። የተረፈውን ከአባላቱ ኪስ መጠየቅ በመርሕ ደረጃ አይቻልም፤ የአባል ኃላፊነት በዕጣው፣ ማለትም በማኅበሩ ካፒታል ውስጥ ባለው ድርሻ፣ ልክ ነው።

አጣሪው ከተመደበ በኋላ ባለገንዘቦች እንዲቀርቡ ማስታወቂያ ይወጣል፤ በአማራ ክልል እንዲህ ያለ ጥሪ በበኩር ጋዜጣ ላይ የተለመደ ነው። አቤቱታ አቅራቢው እንኳ «እኔ ነኝ የከሰስኩት» ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ የራሱን ጥያቄ ከነሰነዱ ለአጣሪው አስገብቶ የተቀበለበትን ፊርማና ቀን በቅጂው ላይ ያስመዝግብ።