ስለ ስፖርት መኪና የሚወራው እና እውነታው

ስፖርት መኪና የገዛ ሰው ምክር አይቸግረውም። ጎረቤቱም፣ ጎማ የሚነፋለትም፣ መብራት ላይ ከጎኑ የቆመውም የሚለው አለው። ከሚባለው ግማሹ ከካርቡሬተር ዘመን የተረፈ ነው። በጊዜው ልክ ነበር፤ መኪናው ሲቀየር ወሬው ባለበት ቀረ። ሌላው ዕቃ ሊሸጥ ከሚፈልግ ሰው የመጣ ነው። ከታች ያሉት ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው። ብዙዎቹ የሚሳሳቱት አንድ ነገር ስለሚረሱ ነው፦ ሙቀትን።

«ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ጉልበት ይጨምራል»

ኦክቴን ጉልበት አይለካም። የሚለካው ቤንዚኑ ሲታመቅና ሲሞቅ፣ ካንዴላው ከሚለኩሰው ውጪ በራሱ ተቀጣጥሎ ላለመፈንዳት ያለውን ትዕግሥት ነው። 98 ላይ ከ95 የበለጠ ጉልበት ታጭቆ አልተቀመጠም። ለ91 የተሠራ ተራ ሞተር ውስጥ 98 ብትሞሉ የሚቀለው ኪሳችሁ ብቻ ነው።

ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ) ያለው ወይም እመቃው ከፍተኛ የሆነ ሞተር ጋ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እነዚህ ሞተሮች ቤንዚኑ በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማውን ኳኳታ የሚያዳምጥ ሴንሰር አላቸው። ቤንዚኑ ደካማ ከሆነ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፣ ጉልበትም ይወርዳል። በሞቃት ቀን፣ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ እስከ ወለሉ ተረግጦ ከሆነ ማዘግየቱም ላይበቃ ይችላል። ፒስተን የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ስለዚህ ነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። መኪናዋ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ከሆነች ደግሞ ቁጥሩ የተሰላው በሌላ ቀመር ነው፤ የአሜሪካው 91 ከአውሮፓው 95 ጋር ይቀራረባል።

«ጠዋት አሥር ደቂቃ በሚኒሞ ሳትሞቅ አትነዳም»

ይሄ ንጹሕ የካርቡሬተር ቅርስ ነው። የዛሬ ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን ኮምፒውተሩ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጠዋል። ትርፉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። በሚኒሞ የቆመ ሞተር ደግሞ ቶሎ አይሞቅም፤ ያ ሁኔታ ይራዘማል። አስነሱ፣ ቀበቶ እሰሩ፣ መስታወት አስተካክሉ፣ ሂዱ። ግን ቀስ ብላችሁ።

ወጥመዱ ያለው ዳሽቦርዱ ላይ ነው። መሐል ላይ የቆመው ቀስት የሚያሳየው የራዲያተሩን ውኃ ሙቀት እንጂ የዘይቱን አይደለም። ዘይቱ ከውኃው ኋላ ይከተላል። ቀስቱ መሐል ሲደርስ «ሞቃለች» ብለው የሚረግጡ ሰዎች ገና ባልሞቀ ዘይት ነው ሞተሩን የሚያስጮኹት። የዘይት ሙቀት ማሳያ ከሌላችሁ፣ ቀስቱ መሐል ከደረሰ በኋላም የተወሰነ ኪሎ ሜትር ታገሡ። ዙሩን ዝቅ አድርጋችሁ በትልቅ ማርሽ ነዳጅ መርገጥም ጥንቃቄ አይደለም። ከሱ ይልቅ መካከለኛ ዙር በቀላል እግር ይሻላል።

ሲቆምም ያው ነው። የቤንዚን ሞተር ጭስ ሙሉ ነዳጅ ላይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ድሮ በዘይት ብቻ በሚቀዘቅዙ ቱርቦዎች ላይ ሞተሩን ድንገት ማጥፋት ዘይቱን እዚያው ያሳርረው ነበር። የዛሬዎቹ በብዛት በውኃ ይቀዘቅዛሉ፤ እንዲያውም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ፓምፑ መሥራቱን የሚቀጥል መኪና አለ። ቆማችሁ ሰዓት ከመቁጠር የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ረጋ ብላችሁ መንዳት ይበቃል።

«ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል»

5ደብልዩ-30 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲሞቅ ውፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ደብልዩዋ «ዊንተር»፣ የብርድ ወቅት ለማለት ናት። ዘይቱ ከሚፈለገው በላይ ከወፈረ ጠዋት ላይ ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። የቫልቮችን ጊዜ የሚቀያይረው ክፍልም በቀጫጭን ቀዳዳዎች በሚያልፍ የዘይት ግፊት ስለሚሠራ ይረበሻል። በውድድር ሜዳ ለሚነዱ አንዳንድ አምራቾች ራሳቸው ወፈር ያለ ዘይት ይፈቅዳሉ፤ ያ ግን መመሪያው ላይ ይጻፋል እንጂ በግምት አይደረግም።

ከውፍረቱ በላይ የሚያሳስበኝ የዘይቱ መጠን ነው። ጠንካራ ሞተሮች በሁለት ለውጥ መሐል ዘይት ሊቀንሱ ይችላሉ። የማዝዳ አርኤክስ-8 ሮታሪ ሞተርማ (በፒስተን ፈንታ የሚዞር ክፍል ያለው) የውስጥ ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ሆን ብሎ ዘይት እያስገባ ያቃጥላል። መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በሺዎች የሚቆጠር ገንዘብ ለቸርኪ አውጥቶ ይቺን የማያደርግ ሰው ግን ሞልቷል።

«ከጮኸች ሮጠች»

ማርሚታውን ነቅሎ መጣል ድምፅ ይጨምራል። ጉልበት መጨመሩ ሌላ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ወገን ሞተር ጭሱን መልሶ የሚገፋ ነገር ይፈልጋል ይላል። አይፈልግም። የሚፈልገው ጭሱ ፍጥነቱን ጠብቆ እንዲወጣና የሚቀጥለውን ጭስ ከኋላው እንዲስብ ነው። ሌላው ወገን ይሄን ሰምቶ የቻለውን ያህል ሰፊ ቱቦ ያስገጥማል። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ከልክ በላይ የሰፋ ቱቦ የጭሱን ፍጥነት ይገድላል፤ በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበትም አብሮ ይሄዳል። ቱርቦ ላለው ግን ከቱርቦው በኋላ ያለው የጭስ መንገድ በሰፋ ቁጥር ይመቸዋል።

አየር ማስገቢያውም እንዲሁ ነው። ኮፈኑ ሥር ክፍት ሆኖ የተቀመጠ ትልቅ ፊልትሮ ደስ የሚል ድምፅ አለው። የሚስበው ግን ሞተሩ ያሞቀውን አየር ነው። አየር በየ3 ዲግሪው ሙቀት ወደ 1 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ፋብሪካው የገጠመው አስቀያሚ ጥቁር ሳጥን ከመኪናው ፊት ቀዝቃዛ አየር የሚቀበለው በምክንያት ነው።

ቱርቦ ባለው መኪና ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ «ፕሽሽ» እያለ አየር የሚያስወጣው ቫልቭስ? ጉልበት አይጨምርም። የሚገባውን አየር በሚለካ ሴንሰር የሚሠራ ሞተር ላይ እንዲያውም የተለካውን አየር ሜዳ ላይ ስለሚደፋው ቤንዚኑ ለአፍታ ይበዛበታል። ድምፁን ወድዳችሁት ከሆነ መብታችሁ ነው።

«ኮምፒውተሩን ማስነካት ነጻ ጉልበት ነው»

ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ የኮምፒውተር ማስተካከያ የሚሰጠው ጉልበት እውነተኛና የሚታይ ነው፤ የአየሩን ግፊት ከፍ ማድረግ ይቻላልና። ቱርቦ በሌለው ላይ ግን ጭማሪው ትንሽ ነው። «ሠላሳ ፈረስ እጨምርልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ቱርቦው የት እንዳለ ጠይቁት።

ነጻ የሚለው ቃል ነው የሚያስቀኝ። የተጨመረው ጉልበት ሙቀትም ይዞ ይመጣል። ቱርቦው የገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ለድሮው መጠን ነው የተሠራው። ፍሪሲዮኑም፣ ካምቢዮውም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ፍሪሲዮን ነው፤ በትልቅ ማርሽ ስትረግጡ ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ እሱ እየተንሸራተተ ነው። ማስተካከያውን ለሚሠራው ሰው አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ «ሥራውን ስትጨርስ የኳኳታውን እና የአየርና ቤንዚን ድርሻውን ንባብ ታሳየኛለህ?» ካመነታ መኪናችሁን አስነስታችሁ ሂዱ። አርጅተው በተበሉ ካንዴላዎችና አየር በሚያፈስ ላስቲክ ላይ ማስተካከያ መጫንም ብልሽትን በጉልበት ማባዛት ነው። ዋስትናውንም አስቡበት። የተነካ ፕሮግራምን አምራቾች ብዙ ጊዜ መለየት ይችላሉ።

«ትልቅ ፍሬን በአጭር ርቀት ያቆማል»

መኪናን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ነው። ፍሬኑ የሚያቆመው ጎማውን ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ጎማው ነው። ፍሬን ስትይዙ ኤቢኤሱ (ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው) እግራችሁን የሚያርገበግበው ከሆነ ፍሬኑ ጎማው ከሚችለው በላይ ይዟል ማለት ነው። እዚያ ላይ ባለ ስድስት ፒስተን ፍሬን ብትጨምሩ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት አንድ ጊዜ ለመቆም የሚያሳጥርላችሁ ነገር የለም። ጥሩ ጎማ ግን ያሳጥርላችኋል።

ታዲያ ትልቅ ዲስክ ለምን ተሠራ? ለሁለተኛው፣ ለአምስተኛው፣ ለአሥረኛው ማቆም ነው። 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትቆም ወደ 580 ኪሎ ጁል ገደማ ኃይል ወደ ሙቀት ይቀየራል። ከ200 ከሆነ ሁለት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ይሄ ሁሉ ዲስኩና ሸራው ላይ ያርፋል። ትልቅ ዲስክ ሙቀቱን የሚያስቀምጥበት ብረት አለው፤ ጥቅሙ እሱ ነው።

ሙቀቱ ከሸራው አልፎ የፍሬን ዘይቱ ጋ ሲደርስ ነው ጉዳቱ የሚከፋው። አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ነገር ግን ይሄ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት ሲገባበት ደረጃው የሚጠይቀው መፍያ ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ወለሉ ጋ ይደርሳል። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚሉ ብዙዎቹ የሚያወሩት ይሄንኑ ነው። በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ከትልቅ ዲስክ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ስሙ የተመሳሰለውን ዶት 5 ግን አትቀላቅሉ፤ እሱ ሲሊኮን ነው። ከዶት 4 ጋር የሚስማማው ዶት 5.1 ነው።

የውድድር ሸራ ለከተማ አይሆንም። ካልሞቀ አይዝም፤ ጠዋት የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። የተበሳሳ ዲስክም በብዛት ለዓይን ነው። በከባድ አጠቃቀም ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ነው።

«ዝቅ ስትል ትታዘዛለች»

በመጠኑ፣ ለዚያው በተሠራ ሞላና ሾክ አብዞርበር ከሆነ፣ አዎ። ሞላ ቆርጦ ከሆነ አይደለም። የተቆረጠ ሞላ ያጥራል፣ ሾኩ ግን የድሮው ነው፤ ጉብታ ሲመጣ መጨረሻው ላይ ያለው ማቆሚያ ላስቲክ ላይ ያርፋል። ጎማው አስፋልቱን ለቆ ሲዘል መሪው የሚያዘው ነገር የለም። ብዙ መኪና ፊት ለፊት ላይ ባለው የማክፈርሰን አሠራር (ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ የተሠሩበት) ደግሞ ከመጠን በላይ ዝቅ ማድረግ የአካሉ ማዘንበያ ነጥብ ከክብደቱ መሐል ይበልጥ እንዲወርድ ያደርገዋል። በኩርባ ላይ ለማዘንበል የሚገፋት ኃይል ይጨምራል። ዝቅ ካደረጋችኋት በኋላ አላይመንት ሳታሠሩ አትንዷት፤ ጎማው በውስጥ ጠርዙ በኩል ሳታዩት ያልቃል።

«ዋናው የፈረስ ጉልበት ነው»

የጃፓን አምራቾች ከ1989 እስከ 2004 ድረስ ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚል መኪና ለአገራቸው ገበያ ላለማስተዋወቅ ተስማምተው ነበር። ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አርም ወረቀቱ ላይ 280 ነበር። ሞተሩ ግን ወረቀቱን አላነበበም።

በሌላኛው ጫፍ በዚያው 1989 የወጣችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለች። 1.6 ሊትር፣ ወደ 115 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች። ቶዮታ 86ም በ2012 ስትወጣ 200 የፈረስ ጉልበት ይዛ፣ ፕሪየስ ላይም ሊገጠም የሚችል ዓይነት ጎማ አድርጋ ነበር። መሐንዲሶቹ ሆን ብለው ነው ያደረጉት፤ ገደቧ በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲደረስና ሾፌሩ እንዲጫወትባት። ሁለቱም ሰው የሚሻማባቸው መኪኖች ሆኑ።

«ሰፊ ጎማ ሁልጊዜ ይሻላል»

ጎማው የተሠራበት ላስቲክ ከስፋቱ ይቀድማል። ስፋቱ 255 ሚሊ ሜትር የሆነ ርካሽ ጎማ ከጥሩ 225 ጋር አይወዳደርም። ሰፊ ጎማ ከነቸርኪው ከባድ ነው፣ በውኃ ላይም ቶሎ ይንሳፈፋል። አራቱም ጎማ የሚነዳባት መኪና ካላችሁም ያው ነው፦ ለመነሳት ይረዳል፣ ለመቆም አንዳች አይጨምርም።

«እውነተኛ ስፖርት መኪና ማኑዋል ብቻ ነው»

የጣዕም ጉዳይ ከሆነ አልከራከርም። የፍጥነት ከሆነ ክርክሩ አልቋል። ቮልስዋገን በ2003 ጎልፍ አር32 ላይ ማርሽ በራሱ የሚቀይር ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ካመጣ ወዲህ እጅ ሊከተለው አልቻለም። ፖርሽ በ2013 የ911 ጂቲ3ን ማኑዋል ጨርሶ አስቀርቶት ነበር። ደንበኞቹ ስላልተዉት በ2017 መለሰው። የተመለሰው ግን ለደስታ ነው።

«ያልተነዳች መኪና እንደ አዲስ ናት»

ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ስለሆነ የሚጓጓ ገዢ ብዙ ነው። የቆመች መኪና ግን ላስቲኮቿ ይደርቃሉ፣ ቤንዚኑ ያረጃል፣ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት መሳቡን አያቆምም። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሊያረጅ ይችላል። ጎኑ ላይ ያለውን የአራት አሃዝ ኮድ ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው።

የተሻሻለች መኪና የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የተገጠመው ዕቃ ስም አያጓጓችሁ። ማን እንደገጠመው፣ ማስተካከያው የትኛውን ዕቃ ታሳቢ አድርጎ እንደተሠራ፣ ዘይቱ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀየር ጠይቁ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ድረሱ፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን እንመለሳለን በሉት። ከፋብሪካ የወጡትን ዕቃዎች ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ እንደሆነም ጠይቁ። ካስቀመጠ ዋጋው ውስጥ ይግቡ፣ መኪናዋም ያለ እነሱ አትውጣ።