ኪዮስኩ ለምን ይወዛወዛል? ስለ ብረት ፍሬም ማዕዘን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባህር ዳር ውስጥ በብረት ፍሬም የማይሠራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የካርድ መሸጫ ኪዮስክ፣ ጣና ዳር ያለው የጁስ ቤት ጥላ፣ የባዛር ዳስ፣ የማንጎ መደርደሪያ፣ የኮንቴይነር ሱቅ። ብዙዎቹ ተፈትተው እንደገና የሚገጠሙ ናቸው፤ ቦታ ልቀቁ ሲባል ወይም በዓሉ ሲያልፍ ተነቅለው ሌላ ቦታ ይተከላሉ። ችግራቸውም አንድ ዓይነት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ገፋ ሲያደርጓቸው ይወዛወዛሉ። በያጅ ይጠራል፣ ማዕዘኑ ላይ ብየዳ ይደረባል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው ነው። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የቅርጽ እንጂ የብየዳ ማነስ ስላልሆነ፣ በየጋራዡ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ብረቱ ከወፈረ አይነቃነቅም»

ብዙ ብር የሚበላው ይሄኛው ነው። አራት ብረት ወስዳችሁ ጫፍና ጫፋቸውን በአንድ አንድ ብሎን ብታያይዙ፣ ብረቱ የፈለገውን ያህል ቢወፍር፣ ገፋ ሲደረግ ወደ ጎን ይተኛል። የአንዱም ጎን ርዝመት ሳይቀየር ማዕዘኑ ብቻ ይከፈታል ወይም ይጠባል። በሦስት ብረት ግን ይሄ አይሆንም። ሦስት ማዕዘን ቅርጹ የሚበላሸው አንዱ ብረት ሲጎብጥ ወይም ሲበጠስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከታችኛው ጥግ ወደ ተቃራኒው ላይኛ ጥግ አንድ ሰያፍ ስታስገቡ፣ አራት ማዕዘኑ ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆነ። በቃ ቆመ።

ሰያፉ የብረት ገመድ ወይም ቀጭን ፌሮ ከሆነ ግን አንድ አይበቃም። ቀጭን ነገር ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ሲገፋ ይጎብጣል። ለዚህ ነው በኤክስ ቅርጽ ሁለት የሚደረገው፣ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ አንዱ ይወጠራል።

ሰያፍ ማስገባት የማይቻልበት ቦታም አለ። ያኔ ሸክሙ ሁሉ ማዕዘኑ ላይ ይወድቃል። እዚህም ቢሆን ከውፍረት ይልቅ የሚያዋጣው ስፋት ነው። 40 በ40 የሆነ ባለ 2 ሚሊ ቱቦላሬን ወደ ባለ 3 ሚሊ ብትቀይሩት ክብደቱ በ46 በመቶ ይጨምራል፣ መጉበጥን የሚቋቋምበት ጥንካሬ ግን በ39 በመቶ ገደማ ብቻ። 50 በ50 ባለ 2 ሚሊ ብትወስዱ ደግሞ ክብደቱ በ26 በመቶ ጨምሮ ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል። ብረት ዋጋው ከክብደቱ ጋር ስለሚሄድ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

«ፊቱ ክፍት የሆነ ሱቅ መወዛወዙ አይቀርም»

ይቀራል። ደንበኛ የሚገባበትን ፊት በሰያፍ ብረት መዝጋት አይቻልም፣ እውነት ነው። ግን ሦስቱ ግድግዳዎች፣ ማለትም ሁለቱ ጎንና ጀርባው፣ እያንዳንዳቸው ሰያፍ ካላቸውና ጣሪያውም አግድም ሰያፍ ካለው፣ ጣሪያው የፊቱን ግፊት ተቀብሎ ለሦስቱ ግድግዳ ያከፋፍላል። አብዛኛው ሰው የሚረሳው የጣሪያውን ነው። ቆርቆሮ ስለተመታበት «ተይዟል» ይላሉ፤ ቆርቆሮው በጥቂት ሚስማር ብቻ ከተመታ በሚስማሩ ዙሪያ ቀዳዳው ይሰፋና መያዙን ይተዋል።

ጣሪያው ላይ ካልሆነላችሁ ፊቱን በሁለቱ የላይኛ ጥጎች አጫጭር ሰያፍ አድርጉ፣ ከቋሚው ወደ አግዳሚው። ሰው ጭንቅላቱን እንዳይመታው ብላችሁ ግን በጣም አታሳጥሯቸው፤ ባጠሩ ቁጥር እነሱም ቋሚውም የሚሸከሙት ጉልበት ይበዛል። የአንድ ስንዝር ሰያፍ ከጌጥ ብዙም አያልፍም።

«ብየዳ ሁልጊዜ ከብሎን ይበልጣል»

ለማይነቀል ነገር፣ አዎ። የሚነቀለውን ግን በየጊዜው በግራይንደር እየቆረጡ መልሶ መበየድ ብረቱን ያሳጥረዋል፣ ማዕዘኑንም ያጣምመዋል። ብሎን ስሙ የጠፋው አጠቃቀማችን ስላልተስተካከለ ነው።

አንድ ብሎን ማጠፊያ ነው፣ እንደ በር ይዞራል። ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል፤ ዋናው ነገር ደግሞ የሁለቱ ርቀት ነው። ለባለ 10 ሚሊ ብሎን 11 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳል እንበል። ሁለቱ ብሎኖች በ4 ሳንቲ ርቀት ላይ ከሆኑና ከላሉ፣ አንዱ ግማሽ ሚሊ ወደ ቀኝ ሌላው ግማሽ ሚሊ ወደ ግራ ይሸሻል። ይቺ ምንም የማትመስል ነገር 2 ሜትር ከ40 በሚረዝም ቋሚ ጫፍ ላይ 6 ሳንቲ ትሆናለች፣ ለዚያውም ወደ አንድ ጎን ብቻ። ብሎኖቹን 12 ሳንቲ ብታራርቋቸው 2 ሳንቲ ይሆናል። ያው ብሎን፣ ያው ቀዳዳ፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ላሜራ ብቻ።

ሌላው፣ ባዶ ቱቦላሬን በስተው ዳዶውን ከልባቸው የሚያጠብቁ አሉ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ብሎኑ የጠበቀ ይመስላል፣ ከሳምንት በኋላ ይላላል። በቀዳዳው ውስጥ ልክ በቱቦላሬው ስፋት የተቆረጠ ትንሽ ቧንቧ አስገቡና ብሎኑን በእሱ ውስጥ አሳልፉት። ያኔ እስከፈለጋችሁ አጥብቁ።

«ስፕሪንግ ሮንዴላ ካለ ብሎን አይላላም»

ገርሃርድ ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው፣ ብሎን በዋናነት የሚላላው የተጣበቁት ሁለት ብረቶች ወደ ጎን ሲንሸራተቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በእሱ ዘዴ በተደረጉ ፈተናዎች ስፕሪንግ ሮንዴላው ይሄን አያቆምም፤ ብሎኑን ያለ ሮንዴላ ከማሰር ብዙም የተሻለ ነገር አይገኝም። የሚረዳው በደንብ ማጥበቅ፣ ናይለን ያለበት ዳዶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንሸራተቱን የሚከለክል ሰያፍ ነው። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

«የተላገና የለሰለሰ ብየዳ ጥሩ ብየዳ ነው»

ደንበኛ ይወደዋል፣ በያጁም ያውቃል። 45 ዲግሪ ተቆርጠው የተጋጠሙ ሁለት ባለ 2 ሚሊ ቱቦላሬዎች ላይ የወጣውን ብየዳ በግራይንደር ጠርጋችሁ ስታስተካክሉ፣ የቀረው ወደ ውስጥ የዘለቀው ብቻ ነው። ካልዘለቀ ምንም የለም ማለት ነው። ከዚያ በላዩ ቀለም። የሚታየውን ፊት ማለስለስ ከፈለጋችሁ በውስጠኛው ጥግ ሦስት ማዕዘን ላሜራ አስበይዱ።

ብየዳ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሸበሸባል፣ ብረቱንም ወደ ራሱ ይስባል። አንዱን ጥግ ሙሉ በሙሉ ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ፍሬሙን ያጣምመዋል። መጀመሪያ አራቱንም ጥግ በነጥብ ብየዳ መያዝ፣ ከዚያ ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች በሜትር መለካት። እኩል ካልሆኑ ማዕዘኑ 90 አይደለም፣ ስኳድራው ምንም ቢል። ካስተካከላችሁ በኋላ እያቀያየራችሁ ጨርሱ።

በነገራችን ላይ፣ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣውን ነጭ ጭስ «ወተት ያወጣዋል» የሚባለውን አትመኑ። ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል፣ ወተቱ ደግሞ ወደ ሳንባ አይሄድም። የሚበየደውን ቦታ ቀድሞ መፋቅና ነፋስ ባለበት መሥራት ይሻላል።

«ኮንቴይነር ነው፣ እንደፈለግክ ቁረጠው»

የኮንቴይነር ስምንት ጥጎች በጣም ጠንካራ ናቸው፤ በመርከብ ላይ ሲደራረቡ ከላይ ያለው ሸክም የሚወርደው በእነሱ ነው። ግን ወደ ጎን እንዳይተኛ የሚይዘው ያ ሸንተረር ያለው የግድግዳ ላሜራ ነው። ከጭቃ ቤት ጋር አንድ ነው፦ ማገርና ቋሚው ብቻ ቆሞ ሳለ ስትገፉት ይሄዳል፣ ተመርጎ ሲደርቅ ግን ጭቃው ራሱ ይይዘዋል። የባለ 20 ጫማውን የ6 ሜትር ጎን ሙሉ ለሙሉ ቆርጣችሁ መስታወት ካደረጋችሁ ያንን ግድግዳ አጣችሁት። በቀዳዳው ዙሪያ ሙሉ የቱቦላሬ ፍሬም፣ ጥጎቹም ላይ ላሜራ ያስፈልጋል። መስታወቱ መሰንጠቅ ሲጀምር «የቻይና መስታወት» ብሎ ማማረር አያዋጣም።

«ማዕዘኑ ተናጋ»

አንዳንዴ ማዕዘኑ ምንም አልሆነም። ዋልካ አፈር ባለበት ሰፈር መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አንዱ እግር ሲሰምጥ ፍሬሙ ይጣመማል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ጥፋቱ በማዕዘኑ ይሳበባል። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ሰፊ ላሜራ ወይም የኮንክሪት ንጣፍ አድርጉ፣ ውሃውንም አርቁ። ሐይቁ ዳር ላለ ጥላ ደግሞ ከመስመጥ ይልቅ መነሳት ነው የሚያሰጋው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ክፍት ጥላን ከሥር ገብቶ ወደ ላይ ያነሳዋል። መሬት ላይ ያልታሰረ ጥላ ማዕዘኑ ምንም ያህል ቢጠነክር፣ ሳይፈርስ እንዳለ ይሄዳል።

አሁን ያለው ኪዮስካችሁ ቀድሞ ከተጣመመ፣ በያጅ ከመጥራታችሁ በፊት እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከዚያ በገመድ ስባችሁ ሁለቱ ሰያፍ ርቀቶች እኩል እስኪሆኑ አቅኑት። ሰያፉ የሚበየደው ገመዱ እንደተወጠረ ነው። ተጣሞ ሳለ ከበየዳችሁት እንደተጣመመ ይጸናል።