የግብርና ቱሪዝም ማለት ሎጅ መገንባት አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ገጠር ልማት በሚካሄድ ስብሰባ ሁሉ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «እዚህ አፋፍ ላይ አንድ ሎጅ ቢሠራ አካባቢው ይለወጥ ነበር» ማለቱ አይቀርም። የወረዳው ባለሙያም፣ ከከተማ የመጣው ባለሀብትም፣ አንዳንዴ የቀበሌው ሽማግሌዎችም እውነት ነው ብለው ይቀበሉታል። በዚህ ሥራ ውስጥ ለቆየ ሰው ይህን ደጋግሞ መስማት ያሰለቻል፤ ስህተቱ የገበሬን መሬትና የመንደርን ተስፋ ይዞ የሚሄድ ነውና። የግብርና ቱሪዝም ማለት እንግዳን ተቀብሎ የገበሬውን እርሻና ኑሮ እያሳዩ ማስተናገድ ነው፤ ስለ እሱ ከሚነገሩት የተሳሳቱ አመለካከቶች በዚህ በሎጁ እጀምራለሁ።

«ሎጅ ከተሠራ መንደሩ ያድጋል»

በሎጁ መኖር ብቻ አያድግም። እንግዳው የከፈለው ገንዘብ መንደሩ ውስጥ የሚቀረው፣ የበላው እህል፣ ያደረበት ቤት፣ መንገድ የመራው ሰውና ጓዙን የተሸከመው አህያ የመንደሩ ሲሆኑ ነው። በአንድ ደጋ አገር የማውቀው ሎጅ ዙሪያውን በገብስና በባቄላ ማሳ ተከቦ ሳለ ድንቹንና እንቁላሉን ሳይቀር በአይሱዙ ከከተማ ያስመጣ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ምክንያቱን ብጠይቀው፣ ገበሬዎቹ በተፈለገው ቀን የተፈለገውን ያህል አያቀርቡም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን በሳምንት ስንት እንቁላል እንደሚፈልግ ነግሯቸው፣ በዋጋው ላይም አስቀድሞ ተስማምቶ አያውቅም። መንደሩ ከሎጁ ያገኘው የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ብቻ ነበር፤ የግጦሽ መሬቱ ግን ታጥሯል።

ሌላ መንገድ መኖሩን መቄት አሳይቷል። ከላሊበላ በስተደቡብ ባለው በዚህ የወሎ አምባ ላይ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው «ተስፋ» የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ያስተከላቸው ትንንሽ የድንጋይና የሣር ክዳን ቤቶች ንብረትነታቸው የአካባቢው ማኅበረሰብ ነበር። እንግዳው በማሳዎች መካከል በእግሩ እየተጓዘ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ይሸጋገር ነበር፤ ምግብ የምታበስለውም፣ መንገድ የሚመራውም፣ አህያ የሚነዳውም የዚያው አገር ሰው ነበር። ጣሊያኖች ደግሞ ይህንኑ በሕግ አሥረውታል። በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት የግብርና ቱሪዝም ሕግ እንግዳ የመቀበሉን ሥራ ለገበሬው ራሱ የሰጠ ሲሆን፣ መስተንግዶው ከእርሻው ጋር የተያያዘ እንዲሆንና እርሻው ዋነኛ ሥራ ሆኖ እንዲቀጥል አስገድዷል።

ስለዚህ ሎጅ ይሠራልን ለሚል ቀበሌ የምመክረው አንድ ነገር ነው። የመሠረት ድንጋይ ከመጣሉ በፊት የአንድ እንግዳ የአንድ ሌሊት ወጪ ይዘርዘር፤ ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍ። አብዛኛው ገንዘብ ከተማ ላሉ ነጋዴዎች የሚሄድ ከሆነ፣ ግንባታውን አቆይቶ በአትክልቱ፣ በዶሮውና በማሩ አቅርቦት መጀመር ይሻላል።

«ቱሪዝም ከመጣ ገበሬው ሞፈሩን ሊሰቅል ይችላል»

ይህ አደገኛ ምክር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባ የውጭ እንግዳ ቆመ፤ ወረርሽኙ ሳያባራ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በላሊበላ ኑሯቸውን በጎብኚ ላይ ብቻ የመሠረቱ አስጎብኚዎችና በቅሎ አከራዮች ገቢያቸው ባንድ ጊዜ ደረቀ። ጎተራው ያልጎደለ ገበሬ እንዲህ ያለውን ዘመን የሚሻገርበት ነገር አለው። የእንግዳ ገንዘብ ለማዳበሪያ መግዣ፣ ለልጅ ደብተር፣ ለቆርቆሮ ይሁን፤ የዓመት ቀለብ ግን ከማሳው ይምጣ።

«በበጋ ገበሬው ሥራ ስለሌለው እንግዳ ያስተናግዳል»

ይህን የሚሉ ሰዎች የገበሬውን የቀን መቁጠሪያ የሚያውቁ አይመስለኝም። ጎብኚ የሚበዛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያ ደግሞ የአጨዳ፣ የክምርና የውቂያ ወቅት ነው፤ በኅዳር ጤፉ ከደረሰ በኋላ ገበሬውን ለእንግዳ ብሎ ከማሳው ማውጣት ምርቱ እንዲረግፍ መፍቀድ ማለት ነው። ይልቅስ እንግዳውን ወደ ሥራው ማምጣት ይቻላል። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ሲደርቅ፣ በሬዎቹ ነዶውን እየዞሩ ሲያበራዩ፣ ጎልማሶቹ ነፋስ ጠብቀው ገለባውን በመንሽ ሲያነሱ የሚመለከት ሰው ሌላ ትርኢት አይሻም። የመስተንግዶው ኃላፊነት ግን መሬት ላልደረሳቸው ወጣቶች በተራ ቢሰጥ ሁለቱም ሥራዎች ይሄዳሉ።

«ታዋቂ ቅርስ የሌለው አካባቢ ጎብኚ አያገኝም»

በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ኮንሶ በዋናነት የገበሬ እጅ የካበው የድንጋይ እርከንና የግንብ መንደር ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድርም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡናን አሰባጥሮ የሚያለማ እርሻ ነው። እርሻው ራሱ ቅርስ ሊሆን ይችላል።

«እንግዳ ቅንጦት ይፈልጋል»

ቁንጫ የሌለበት አልጋ፣ ንጹሕ ሽንት ቤትና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ ሳይሟሉ ቴሌቪዥን የሚገዙ የመንደር አስተናጋጅ ማኅበራትን ማየት ያሳዝነኛል።

«ጎብኚ ማለት ፈረንጅ ነው»

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በምርጥ የቱሪዝም መንደርነት ከመረጣቸው 44 መንደሮች አንዷ ወደሆነችው ወንጪ ቅዳሜና እሁድ የሚሄደው ብዙው ሰው ከአዲስ አበባ ነው። ጤፍን በዱቄትነቱ ብቻ የሚያውቅ የከተማ ልጅ ለገበሬው ጥሩ ደንበኛ ነው፤ ቋንቋ ከተግባቡም ገበሬው ያለ አስተርጓሚ በራሱ አንደበት ያስረዳዋል።

«ሴቶች በቱሪዝሙ መጠቀማቸው አይቀርም»

ሳይታሰብበት በራሱ አይሆንም። በዶርዜ እንግዳው ዓይኑን የሚጥለው በሴቷ ሥራ ላይ ነው። የእንሰቱን ግንድ ትፍቃለች፤ የተፋቀው በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ የደረሰውን ቆጮ በቅጠል መካከል ዘርግታ ትጋግረውና ከማርና ከዳጣ ጋር ታቀርባለች። ብዙ ቦታ እንዳየሁት ገንዘቡን የሚቀበለው ግን አስጎብኚው ነው፤ ለባለሙያዋ የሚደርሳት እሱ የወደደውን ያህል ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የአስጎብኚው ክፍያና የሙያዋ ክፍያ ለየብቻ ይተመን፤ ተመኑ እንግዳው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ፤ የእሷ ድርሻ በእጇ ወይም በራሷ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ይግባ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሴት የሆነችባቸው መንደሮች ይህን ከሌሎቹ ቀድመው ሲያስተካክሉ አይቻለሁ።