የብሮውዘር ኤክስቴንሽን፦ አጫጫን፣ ፈቃድና ብልሽት

ኤክስቴንሽን፣ በፋየርፎክስ አጠራር አድኦን፣ ብሮውዘር ላይ ተጭኖ ብሮውዘሩ ብቻውን የማይሠራውን የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ማስታወቂያ ያግዳል፣ ፓስወርድ ይይዛል፣ ገጽ ይተረጉማል፣ በአማርኛ ያጽፋል። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭና ኦፔራ መሠረታቸው አንድ ስለሆነ ለክሮም የተሠራው አብዛኛው በሌሎቹም ይሠራል፤ ፋየርፎክስ የራሱ መደብር አለው። በአንድሮይድ ስልክ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም፣ ፋየርፎክስ ግን ይቀበላል። ስለዚህ በማስታወቂያ ዳታው የሚያልቅበት ሰው በስልኩ የሚያዋጣው ፋየርፎክስ ነው።

መጫኑ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈው የፈቃድ ጥያቄውን ነው። «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለዎትን መረጃ ማንበብና መቀየር» ሲል ኢሜይሉንም የባንክ ገጹንም ይጨምራል። ለማስታወቂያ ማገጃ ይህ የግድ ነው፤ ለካልኩሌተር ግን ምን ይሠራለታል? ትናንት የታመነው ነገ ላይታመን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ያልተነኩ ታቦችን እያሳረፈ ሜሞሪ ይቆጥብ የነበረው ዘ ግሬት ሰስፔንደር ወደ ሌላ ባለቤት ከተላለፈ በኋላ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ጎግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከመደብሩ አስወጥቶታል። ክሮም ላይ በኤክስቴንሽኑ ዝርዝር ገጽ ገብቶ ፈቃዱን «ጠቅ ሲደረግ ብቻ» ወይም «በተመረጡ ድረ ገጾች» ብሎ ማጥበብ ይቻላል።

አንድ ገጽ አልከፈት ካለ ወይም አዝራሩ ቢጫኑት ዝም ካለ፣ መጀመሪያ በኢንኮግኒቶ (ታሪክ በማይመዘግበው የግል) መስኮት ይሞከር፤ እዚያ ኤክስቴንሽኖች ካልተፈቀደላቸው በቀር አይሠሩም። ግን ኢንኮግኒቶ የቆዩ ኩኪዎችንም ስለማይጠቀም፣ እዚያ መሥራቱ ብቻ ኤክስቴንሽን ጥፋተኛ ነው አያሰኝም። ፋየርፎክስ በእርዳታ ሜኑው ውስጥ ትራብልሹት ሞድ አለው፤ አድኦኖችን ሁሉ ለጊዜው አጥፍቶ ይነሣል።

ጥርጣሬው ከጠነከረ አንድ በአንድ መሞከር አድካሚ ነው። ግማሹን አጥፍቶ ገጹን ሪፍሬሽ ማድረግ፣ ችግሩ ካለበት ግማሽ ደግሞ እንደገና ግማሹን ማጥፋት ይሻላል፤ 16 ኤክስቴንሽን ቢኖር በ4 ሙከራ ጥፋተኛው ይለያል። ይህ ዘዴ የሚከሽፈው ሁለት እርስ በርስ ሲጋጩ ነው፤ ለምሳሌ ሁለት ማስታወቂያ ማገጃዎች ለየግማሹ ከደረሱ የትኛውም ግማሽ ብቻውን ችግር አያሳይም። ኮምፒውተሩን ያዘገየው የትኛው እንደሆነ ለማየት ደግሞ ክሮም ላይ ሺፍትና እስኬፕን አብሮ መጫን ነው፤ በየስማቸው የሚበሉት ሜሞሪና ፕሮሰሰር ይወጣል።

አዲስ የተጫነ ኤክስቴንሽን አስቀድሞ በተከፈተ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ አይሠራም፤ ገጹ ሪፍሬሽ ይደረግ። የአማርኛ መጻፊያ ኤክስቴንሽን የጫነ ሰው ኢሜይል ውስጥ «ሰላም» ብሎ ይጽፍና አድራሻ ሳጥኑ ላይ ሲሞክር የእንግሊዝኛ ፊደል ይወጣበታል። ይህ ብልሽት አይደለም፦ ኤክስቴንሽኑ የሚደርሰው እስከ ገጹ ውስጥ ድረስ ብቻ ነው። በሁሉም ቦታ ለመጻፍ የዊንዶውስን የአማርኛ ኪቦርድ ወይም ኪይማን የተባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል።

ሁሉም በአንዴ ከጠፉ ጥፋቱ የተጠቃሚው ላይሆን ይችላል። በሜይ 2019 የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ አድኦኖች እውነተኛ መሆናቸውን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፎበት በዓለም ዙሪያ የፋየርፎክስ አድኦኖች ቆመው ነበር። በማርች 14 ቀን 2025ም ሌላ ሰርተፍኬት ስላለፈ፣ ከ128 በታች ያሉ የፋየርፎክስ ቅጂዎች አድኦን ሊጠፋባቸው ይችላል። በዊንዶውስ 7 ላይ ያሉ መጫን የሚችሉት «የተራዘመ ድጋፍ» (ESR) የተባለውን ቅጂ 115 ነው፤ 115.13 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ተስተካክለዋል። የማዘርቦርድ ባትሪው ደክሞ ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ኮምፒውተር ደግሞ መደብሩን ራሱን መክፈት ስለማይችል፣ አስቀድሞ ሰዓቱ ይታይ። ክሮም ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ማስታወቂያ ማገጃ የጠፋባቸው መልሶ በመጫን አይደክሙ፤ ክሮም ይህ ማገጃ የተሠራበትን አሮጌ የኤክስቴንሽን አሠራር ደንብ፣ ማኒፌስት ቪ2ን፣ ትቶታል። ያላቸው ምርጫ አቅሙ የሚያንሰው ላይት የተባለው ቅጂ ወይም ፋየርፎክስ ነው።

በሙከራው ጊዜ ማጥፋት እንጂ መሰረዝ አያስፈልግም። ሲሰረዝ ኤክስቴንሽኑ ያስቀመጠው ሁሉ አብሮት ሊሄድ ይችላል፤ የተከፈቱ ታቦችን ወደ ሊንክ ዝርዝር በሚቀይረው ዋንታብ ውስጥ ሊንክ ያከማቸ ሰው ሳይሰርዘው በፊት ዝርዝሩን ኤክስፖርት አድርጎ ወደ ፋይል ይገልብጥ።